ሐሙስ ሐሙስ የሚያመኝ ነገር

ለታላቅ እህቴ ለእትዬ እሌኒ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ከመግባቱ በፊት ሰላም ቀድሞት ከቤታችሁ ገብቶ ይቆይ። እንደምን ከርመሻል? የጉልበትሽ ቁርጥማት ከክረምቱ ወዲህ ተሻለሽ ወይ? እማዬስ እህል ትቀምሳለች? የቤቱ፣ የጎረቤቱ፣ የከብቱ ደኅንነት እንዴት ነው? እኔ በሕይወት አለሁ። ደኅና ነኝ ብዬ ግን እንደ ወትሮው ልዋሽሽ አልፈልግም። ከዚህ በታች ያለውን ብቻሽን አንብቢው፤ ለእማዬ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አታንብቢላት።

እማዬ ለፋሲካ ካልመጣሁ እንደ ሞተ ሰው እንደምትቆጥረኝ፣ ለእኔ የሚታረደው በግም ከወዲሁ ተመርጦ እየተቀለበ መሆኑን ጽፈሽልኛል። በጉ ላይ ስደርስ ደብዳቤሽን አስቀምጬ ወጣሁና አስታወክሁ። ንቀት አይምሰልሽ። ሥራ በዝቶብኛል፣ መንገዱ ከፍቷል እያልሁ ሰባት ወር የደበቅሁሽን ዛሬ እነግርሻለሁ።

ባለፈው ሰኔ፣ ሰኞ ቀን፣ ከሀርሺን ፍየል ጭነን ወደ ጅጅጋ ስንመለስ አይሱዙው ቦረቦር ውስጥ ተገለበጠ። እኔና ገብረየስ ከኋላ ከፍየሎቹ ጋር ነበርን። ገብረየስ ጭነት መጫንና ማውረድ ያስተማረኝ፣ እንደ አባት የማየው ሰው ነበር። ፍየሎቹ በላያችን ተከመሩ። የሞተው ከቆሰለው ተደባለቀ፤ ፈርስና ደም አፌን ሞላው። እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ከደሙ ይልቅ ሙቀቱ ነው። የትኛው የፍየል፣ የትኛው የገብረየስ እንደ ነበረ አላውቅም፤ ከውስጡ ግን ውጫለሁ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም።

የአካባቢው ሰዎች ሲደርሱ መጀመሪያ የሰማሁት ቢላዋ ነው። እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ ካልታረደ ሥጋው ስለማይበላ፣ እኛ ከሥር እያለን ያርዱ ጀመር። ፍየሎቹ ሳይነሱ እናንተን ማውጣት አይቻልም ነበር ብለው በኋላ ነግረውኛል። እውነት ይሆናል። እኔ ግን እውነቱን እያወቅሁም እጸየፋቸዋለሁ።

አንዲት ሴት ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቴን በሻሿ እየጠረገች «አሙስ፣ አሙስ» ትለኝ ነበር። ሱማሊኛ አላውቅም፤ ቀን የምትነግረኝ መሰለኝ። ሐኪም ቤት ገብረየስ ከጎኔ ተኝቶ ነበር። ሐሙስ ጧት ሞተ። ቃሉ የዚያን ጊዜ ተፈታልኝ ብዬ አመንሁ፤ ለእርሱ የተቆረጠው ቀን ለእኔም ተቆርጧል፣ የቀረው የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ብቻ ነው አልሁ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የቀመስሁት ነገር ሆዴ ውስጥ አይረጋም። ላቤ ፍየል ፍየል ይሸተኛል፤ በቀን ሦስት ጊዜ እታጠባለሁ፣ ሳሙናውም ስብ ስብ ይለኛል። የገዛ ገላዬን ተጸየፍሁት። መኪና ላይ መውጣት ስላቃተኝ መጋዘን ውስጥ የሩዝ ጆንያ ተሸካሚ ሆንሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ ዐብዲኑር፣ ረቡዕና ዓርብ አልበቃህ ብሎ ሐሙስንም ጾም አደረግኸው፣ ልትቀስስ ነው ወይ ብሎ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ከጆንያው ጀርባ ሄጄ ተፋሁ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሮዛ መርምራ፣ ሆድህ ጤነኛ ነው፣ የደነገጠ ገላ ግን አደጋው ማለፉን ቶሎ አያምንም አለችኝ። ነጭ ልብስ ለብሶ ይህን ማለት ቀላል ነው ብዬ ተቀየምኋት።

ባለፈው ኅዳር ያችን ፊቴን የጠረገችልኝን ሴት ወተት ተራ አየኋት። ሙልኪ ትባላለች፤ ከገጠር ወተት እያመጣች ትሸጣለች። ዐብዲኑርን አስተርጓሚ አድርጌ ይዤ ሄድሁና ሐሙስ እንደምሞት ለምን ነገርሽኝ ብዬ ጠየቅኋት። መጀመሪያ አላወቀችኝም። ሲገባት ደረቷን መታች።

«ወላሂ፣ እኔ ቀን አልነገርኩህም። አሙስ በእኛ ቋንቋ ዝም በል ነው። እንደ ሕፃን ትጮህ ነበር፤ እንደ ሕፃን አባበልኩህ።»

ከዚያ ሳቀች፤ ዐብዲኑርም ራሱን መግዛት አቃተው። ወተት በጣሳ ቀድታ ሰጠችኝ፤ ሙቀቱ እጄ ላይ ሲሰማኝ አንገሸገሸኝና መለስሁላት። አልተቀየመችም፤ ራሷ ጠጣችው።

ድኜ የሄድሁ እንዳይመስልሽ። በሚቀጥለው ሐሙስም አስታወክሁ። ጆሮዬ ሰምቶ ሆዴ ገና አልሰማም ነበር። አፍሬ ወደ ሮዛ ተመለስሁ። ከምትሸሸው ነገር በጥቂት በጥቂቱ አጠገቡ ቁም አለችኝ። ዐብዲኑር ያን ቀን ስለ ሳቀብኝ ሳይጸጽተው አልቀረም፤ ሞተሩ ባልተነሣ መኪና ውስጥ እንድቀመጥ ቁልፉን ይሰጠኝ ጀመር። ቆይቶ ካራማራ ተራራ ሥር ድረስ ወስዶ መለሰኝ። በየመንገዱ አስቆምሁት፤ አንድ ቀን ጫማው ላይ ተፋሁበት፣ ጫማውን ሳያይ ውኃ አቀበለኝ። ባለፈው ሐሙስ የበላሁት ሽሮ ግን ረጋልኝ።

ስለዚህ ለፋሲካ አልመጣም፤ በጉን ፍቱት። የምመጣው በዐቢይ ጾም፣ ለደብረ ዘይት ነው። ያን ጊዜ በመንደሩ ሁሉ ቢላዋ አይሳልም፣ ቤቱ ስብ አይሸትም፣ በሞቴ ብሎ ሥጋ የሚያጎርሰኝም አይኖርም። ቡዳ በላው የሚል ሰው እንዳይሰበሰብብኝ መናኸሪያ አንቺ ብቻ ነይ። ከመኪናው ወርጄ ባስታውክ አትጩኺ፣ ሰውም አትጥሪ፤ እስክጨርስ አጠገቤ ቁሚልኝ።

ባለቤትሽን ጋሽ ናሁሰናይን ከነልጆቹ በአክብሮት እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ጎረቤቶቻችንን በየስማቸው ሰላም በይልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝና፣ ልጅሽ አልሞተም፣ ጾም እስኪገባ እየጠበቀ ነው በያት።

ታናሽ ወንድምሽ አምሀ
ጅጅጋ፣ ጥር 16 ቀን 1996 ዓ.ም.