ያልታዘለችው ልጅ

ሰሎሜ ልጄ፣

ስትነቂ ብታጪኝ አትደንግጪ። በቦዳቦዳ ሞተር ቡቲዬ መንደር ሄጃለሁ፣ ፈቲያ ቤት።

ቻፓቲ ቂጣው ሳህን ተደፍቶበታል፣ ብዪ። ትናንት እራትሽን ሳትቀምሺ ነው የተኛሽው።

የቤተክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ ከጨው ጣሳው ስር አለልሽ። ዛሬ ዳይፐሩን አንቺ አድዪልኝ። "ልጇን አዝላ ላልመጣች አይሰጥም" የሚለውን ነገር ተዪው፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ባዶ ጀርባዋን የመጣችም ትውሰድ።

ትናንት እደላው ላይ ፈቲያን በዚያ ሁሉ ሴት ፊት "ልጅሽ የታለች? ወስደሽ ልትቸረችሪው ነው?" አልኳት። "ዘጠኝ ዓመቷ ነው እማማ፣ አትራመድም። ማዘሉ አቃተኝ" ብላኝ ባዶ እጇን ተመለሰች። ሮጬ መያዝ ሲገባኝ ተገትሬ ቀረሁ። በዚህ ሽበቴ!

ከዳይፐሩ ትልልቁን ቁጥር ለቅሜ ይዤላታለሁ። ፊቷን ብታዞርብኝም ደጇ ላይ ቁጭ ብዬ እለምናታለሁ።

አንቺማ ከሁሉ ቀድመሽ "እማማ፣ ዝም ብለው ይስጧት" ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን "ያልወለደች ምን ታውቃለች" ብዬ መለስኩልሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ አብሬሽ ስለት የተሳልኩ ሴት፣ እንዲህ ልበልሽ?

ይቅርታውን እዚህ አልጽፈውም። ክፉውን ቃል የሰሙት እነዚያ ዛሬም የሚመጡት ሴቶች ናቸው፤ ይሄንንም ይስሙት።

እደላውን ብትጨርሺም እስክደርስ ድረስ አንዳቸውንም ወደ ቤት አትስደጂ።

እማማ ወይንሸት