የኮሶ ሜዳ ውኃ ወዴት ይፈሳል

ለምወድሽ እህቴ ለእናኑ ወልደ ገብርኤል፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ልጅሽ አምሳል ጥርስ አወጣች? ባልሽ ነጋ፣ አማትሽ፣ ከብቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ፣ ምስጋና ለሥላሴ ይሁንና፣ ሥጋዬ ደኅና ነው። ሆዴ ግን አባታችን ከተቀበረ ወዲህ እንደቆሰለ አለ።

ጎንደር ካርታ ከሚያነሱ ሰዎች ዘንድ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ መግባቴን ሰምተሻል። አሁን ካርታ ማንበብ አስተምረውኛል። በወረቀቱ ላይ የተጠማዘዙ ቡናማ መስመሮች አሉ። መጀመሪያ መንገድ መስለውኝ «ይህን ሁሉ መንገድ ማን ሄዶ ይጨርሰዋል?» ብዬ መሳቂያ ሆኜ ነበር። አለቃዬ አቶ ሰጠኝ ግማሽ ድንች ገበቴ ውስጥ ደፍቶ አንድ ጣት ውኃ ጨመረና፣ ውኃው የነካበትን ዙሪያውን በቢላ ጫረው። ሌላ ጣት ጨመረ፤ ደግሞ ጫረ። ድንቹን ከላይ ሳየው ለካ ካርታው እሱ ነው! እያንዳንዱ መስመር ከፍታው እኩል የሆነውን ቦታ ይዞራል። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው። ውኃም ከላይኛው መስመር ወደ ታችኛው ይወርዳል እንጂ ለማንም አያደላም።

ያኔ ኮሶ ሜዳ ትዝ አለኝ። የአያቶቻችን ወሰን «መሬቱ ዝናቡ ወደፈሰሰበት ወገን ነው» የሚል እንደነበር ታውቂያለሽ። የባልሽ አባት አያ ክንዱ ዳኛውን ጥር ላይ፣ ጠብታ በሌለበት ወር አምጥቶ፣ ሜዳው ወደሱ ያዘነበለ ነው ብሎ ማለ። አባታችን ወደ እኛ ነው ብሎ ቢምል፣ በሐሰት የማለ ተብሎ ርስቱንም ስሙንም ተቀማ። አንቺንም ለዕርቅ ብለው ለልጁ ዳሩሽ። ቀብሩ ላይ ዐሥር ሰው እንኳ አልቆመም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

የአገራችን ካርታ ሲወጣ ሜዳውን መስመር በመስመር ፈለግሁት። የከፍታውን ጫፍ የሚዞረው መስመር ከአያ ክንዱ በረት በላይ ነው። ኮሶ ሜዳ ሙሉውን ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ ይወርዳል። ይግባኝ አልሁ። አዲሱ ዳኛ «ወረቀት አይምልም» አሉኝ። «እንግዲያውስ ዝናቡ ይመስክር» አልኋቸው። ሳቁና ፈቀዱ፤ ሐምሌ 12 ቀን በዝናብ ሜዳው ላይ ይቆማሉ።

መሬቱ ብቻ አይበቃኝም። አያ ክንዱ በደብሩ ሰው ሁሉ ፊት፣ ድንጋይ ተሸክሞ አባታችን መቃብር ላይ ይንበርከክ። ክፉ ሆንህ ብትዪኝ፣ አዎ ሆኛለሁ። የምፈራው ላንቺ ነው። ቤቱ ከከፋብሽ አምሳልን አዝለሽ ነይ፤ ክፍሌ ጠባብ ብትሆንም ታኖረናለች።

ለነጋ ሰላም በይልኝ፤ በእሱ ቂም የለኝም። ለአማትሽ ለወለተ ሚካኤል ጤና ይስጥልኝ በያቸው፤ አምሳልን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ይህን ለሚያነቡልሽ ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስም እጅ ነስቻለሁ፤ አንድ ቃል ሳይዘሉ ስላነበቡ እግዜር ይስጥልኝ። እዚያ ቤት የቤቱ ጌታ ሳይቀመጥ ደብዳቤ እንደማይነበብ አውቃለሁና።

አያ ክንዱ፣ እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ? ሐምሌ ሩቅ አይደለም፤ ጫንቃዎ የሚችለውን ድንጋይ ከአሁኑ ይምረጡ።

ወንድምሽ ሐብተ ማርያም ወልደ ገብርኤል
ጎንደር፣ ሰኔ 3 ቀን 1958 ዓ.ም.