ስልኬን ከነሱቁ ላሸገልኝ ግብረ ኃይል የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን የዋጋ አረጋጊ ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የቢሮዎ ወንበርና በወንበሩ ላይ ያለው ትራስ ሁሉም ደኅና ናቸው? ዘንድሮ በሶዶ ዋጋው ያልጨመረ ነገር ሰላምታ ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት ሳልቆጥብ አቀርብልዎታለሁ። እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት። በቀበሌያችን የጎልማሶች የማታ ትምህርት ከሠላሳ አራት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣችው ባለቤቴ አስናቀች ናት፤ እሷ ፈተናው ሲታረም ስሕተት ተሠርቷል ትላለች፤ የእሷ አስተያየት ግን በዚህ ደብዳቤ አልተካተተም። መምህርታችን አመለወርቅ ሌላውን ሁሉ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ እያሉ ሲያስጨንቁ፣ እኔን ግን ግማሽ ገጽ ይበቃዎታል ጋሽ ባዳቾ፣ እባክዎ ይቁሙ ይሉኝ ነበር፤ ከዚህ ችሎታዬን መገመት ይችላሉ።

ሥራዬ በሬ ማድለብ ነው። አምና ከቢጠና ገበያ አጥንቱ የሚቆጠር በሬ ገዝቼ ዓመቱን ሙሉ በስኳር ድንች ሐረግና በጎደሬ ቀለብኩት፤ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ሳወጣው ያየው ሁሉ ይህ በሬ ነው ወይስ ቤት እያለ ይጠይቀኝ ነበር። የሸጥኩትም ብራችን ገና ትልቅ በነበረበት በመስከረም አጋማሽ ነው። ሁለት ሳምንት ብታገሥ ኖሮ እኔም ዶላር ጨመረ ብዬ ዋጋዬን ከፍ አደርግ ነበር፤ የስኳር ድንች ሐረግ ከውጭ እንደማይመጣ ግን ገዢዎቹ ስለሚያውቁ፣ እንደ ሌሎቹ ደፍሬ የምለው አይመስለኝም።

ከበሬው ዋጋ ላይ ለአንድ ተች ስልክ የሚሆን አስቀመጥኩ። ለጌጥ አልነበረም። ልጃችን ትዕዛዝ ቤሩት በሰው ቤት ሠራተኛ ሆና አራት ዓመት ሆናት። እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በእመቤቷ ስልክ ትደውልልናለች፤ የምትደውለውም ስትሄድ ትታልን ወደ ሄደችው ወደ ራሷ ቁጥር ነው፤ በቃሏ የምታውቀው ሌላ ቁጥር የላትም። ድምፅዋን እንሰማለን፤ ፊቷን ግን አላየንም። ተች ስልክ ያለው ሰው ኢሞ በሚሉት ነገር ፊት ለፊት ይተያያል ሲሉ ሰማሁና ቆረጥኩ።

መስከረም ሃያ ስምንት እሁድ ደወለች። አባዬ፣ ኮንትራቴ ኅዳር አሥር ያልቃል፤ እመቤቴ ሁለት ዓመት ፈርሚልኝ እያለችኝ ነው፤ ልምጣ ወይስ ልቆይ አለችኝ። እኔም ትልቅ ነገር በትልቅ ስልክ ነው የሚነገረው ብዬ፣ የሚቀጥለው እሁድ ፊትሽን እያየሁ እነግርሻለሁ፣ ደውዪ አልኳት። አስናቀች አሁን ንገራት እያለች ጎኔን ትጎስመኝ ነበር። ያን ጎሰማ ብሰማ ኖሮ ዛሬ እርስዎን ባላስቸገርኩ።

ማክሰኞ ወደ ገብረማርያም ሱቅ ሄድኩ። ገብረማርያም አባቱ ከጉራጌ መጥተው እዚሁ ሶዶ የወለዱት፣ ቆጥቦ የሚናገር ነጋዴ ነው። አሮጌው ባለ ቁልፍ ስልኬ ተይዞልኝ በላዩ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ልጨምር ተስማማን። ቁጥሮቹን እንዲያዛውር፣ ሲሙን በልኩ እንዲቆርጥና ኢሞውን እንዲጭን አሮጌውን ስልክ ትቼለት ወጣሁ፤ ነገ ጠዋት ይምጡ አለኝ። በነጋታው ጠዋት መጣሁ። ለካ እኔ ስተኛ ብራችን አሥራ አምስት ከመቶ ቀንሷል።

አሁን ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ያ ስልክ በአንድ ሌሊት ሦስት ሺህ አንድ መቶ ብር ገባ። ጋሽ ባዳቾ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ዶላር ጨመረ አለኝ ገብረማርያም። ስልኩ ከሰኔ ጀምሮ እዚያው መስኮት ውስጥ ተቀምጦ ካርቶኑ በፀሐይ ነጥቷል፤ ሲም እንኳ ገና አልገባበትም፤ ታዲያ የዶላርን ወሬ ከእኔ ቀድሞ ማን ነገረው ብዬ ጠየቅሁት። በማታ ትምህርት ከመቶ ማስላት ስለተማርኩም እዚያው ጠረጴዛው ላይ አሰላሁለት፤ አሥራ አምስት ከመቶው ሦስት መቶ ስድሳ ብር ነው፤ የቀረው ሦስት መቶ አርባ የማን ዶላር ነው አልኩት። ይህን ሸጬ ሌላውን በስንት እንደማመጣው አላውቅም፣ አጎደልኩ እንዳልል ነው አለኝ። መልሱ እውነት እንዳለበት በኋላ አስቤ ደርሼበታለሁ፤ በዚያ ጠዋት ግን እውነት ለመስማት አልተዘጋጀሁም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ገብረማርያም ብቻውን አልነበረም። ሊስትሮውም ዶላር ጨመረ አለኝ። ሸንኮራ የምትሸጠው ጎረቤታችን እንኳ ጨምራ አገኘኋት፤ ሸንኮራው ከጓሮሽ አይደለም እንዴ ስላት፣ እኔስ ስልክ አልገዛም እንዴ አለችኝ። ለዚህ መልስ አላገኘሁም፤ እርስዎ ቢሮ ካለ ይላክልኝ።

ሁለተኛ፤ ለፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። በዚያው ሳምንት ዋጋ ያለአግባብ የጨመረ ነጋዴ ካለ ጠቁሙ የሚል ማስታወቂያ ለጠፋችሁ፤ ከሥሩም ሣጥን አቆማችሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንግሥት የጻፍኩት ጽሑፍ እዚያ ሣጥን ውስጥ ገባ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ገብረማርያም ሲሙ ገና ያልወጣለትን አሮጌ ስልኬን ውሰድ ብሎ ሲዘረጋልኝም፣ አይነካ፣ ለግብረ ኃይሉ ማስረጃ ይሆናል ብዬ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። በመጨረሻም በጋዜጣ እንደሚጻፈው ከአንድ ተቆርቋሪ ዜጋ ብዬ ፈረምኩ፤ ስሜን መጻፍ አቅቶኝ አይደለም፤ ስሜን ከጻፍኩት ነገር ሁሉ አሳምሬ እጽፋለሁ።

ሐሙስ አስገባሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ታሸገ። ለቧንቧችን አራት ዓመት ያመለከትን ሰዎች ነንና ይህ ፍጥነት ዓይናችንን አስለቅሶታል። አምስት የግብረ ኃይልዎ አባላት መጥተው አንድ በር አሸጉ፤ አንዱ ወረቀት ያዘ፣ አንዱ ሙጫ ቀባ፣ አንዱ ማኅተም መታ፣ ሁለቱ ፎቶ አነሱ። እኔም ከሕዝቡ ጋር ቆሜ አጨበጨብኩ። ይህን ያስደረገው ብዕር የማን እንደሆነ ለሦስት ሰው በጆሮ ነገርኩ። ለአራተኛው ልነግር ስል አስናቀች ክንዴን ይዛ፣ ስልካችንስ አለችኝ።

በማግሥቱ እሁድ ከአምልኮ ወጥተን በቀጥታ ወደ ሱቁ በር ሄድን። ገብረማርያምም እዚያ ቆሞ ነበር፤ ቁልፉ በኪሱ፣ እጁም በቁልፉ ላይ። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አሮጌው ስልካችን ከሱቁ ውስጥ ጮኸ። ሰባት ጊዜ ጮኾ ቆመ፤ ደግሞ ጮኸ። ማኅተሙን እንዲጠብቅ የመደቡት ዘበኛ ደግ ሰው ነው፤ እማማ፣ ወረቀቱን ብቻ እንዳይነኩብኝ፣ እንጀራዬ ነው አላት። አስናቀች ወረቀቱን አልነካችም። አፏን በበሩ ስንጥቅ ላይ አድርጋ፣ ትዕዛዝ፣ አለን፣ አለን ብላ ተጣራች። ያልተነሳ ስልክ እንደማይሰማ ታውቃለች፤ ከሠላሳ አራት ሰው ሁለተኛ የወጣች ሴት ናት። ግን ተጣራች። ገብረማርያም ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እኔ ስለ ብዕሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በሁለተኛው እሁድ ስልኩ አልጮኸም። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም። ባትሪው አልቆ ይሁን ልጃችን ተስፋ ቆርጣ፣ በሩ አይናገርም።

ሦስተኛ፤ ለጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። ስልኩ ከጮኸበት እሁድ በኋላ ሰኞ ቢሮዎ ቀርቤ አቤቱታውን አነሳለሁ አልኩ። ገብረማርያምም አብሮኝ መጥቶ በፊተኛው ዋጋ እሰጠዋለሁ፣ በሩ ብቻ ይከፈት አለ። ባለሙያዎ በሩ የሚከፈተው አቤቱታ አቅራቢው ራሱ ሲቀርብ ነው አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። አቤቱታ አቅራቢው ተቆርቋሪ ዜጋ ነው፣ እርስዎ ተቆርቋሪ ስለመሆንዎ ከቀበሌ ማስረጃ ያምጡ አሉኝ። ቀበሌው ነዋሪ መሆኔን ጽፎ ማኅተም መታልኝ፤ ተቆርቋሪነቴን ግን በመዝገብ አላገኘሁትም አለ። ተመልሼ መጣሁና እንግዲያው ፊታችሁ ልጻፍ፣ ጽሑፉን አስተያዩ አልኳቸው። ጻፍኩ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ፣ ሣጥን ውስጥ የተገኘው እጅግ የተስተካከለ ነው፣ የማታ ተማሪ ይህን አይጽፍም ብለው መለሱልኝ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ እንዲህ ተመስግኜም እንዲህ ተጎድቼም አላውቅም። አስናቀች ግን በመንገድ ላይ፣ አንደኛ መውጣት ጥቅሙ ይህ ነው አለችኝ።

ሲሙን ላስተካ ብሄድም ሲሙ በልጄ ስም ስለሆነ ባለቤቷ በአካል ትቅረብ ተባልኩ። ደንብ ነው፤ አልቀየምኩም። እኔም የምፈልገው እሷ በአካል እንድትቀርብ ነው። የእመቤቷም ቁጥር የተቀመጠው እዚያው የታሸገው ስልክ ሆድ ውስጥ ነው፤ እኔ ወረቀት ላይ አልገለበጥኩትም፤ መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ያልጻፍኩት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ዋጋውን ስላረጋጋችሁልን አመሰግናለሁ። የገብረማርያም በር ከታሸገ በኋላ የቀሩት ሱቆች ስልካቸውን ከመስኮት አንስተው አልቋል ይሉ ጀመር። ከመጋረጃው በስተጀርባ ግን አላለቀም፤ እዚያ ያው ስልክ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ነው። ዱቦ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ዲምቱ ያለ ዘመዴንም አስጠይቄያለሁ፤ ሁሉም ጋ ያው ነው። ስለዚህ ዋጋው በእርግጥ ተረጋግቷል፤ ያረጋጋችሁት ግን ከወጣ በኋላ ነው። ገብረማርያም የእኔ ብጤ ባለ ፊደል ደንበኛ ባይኖረው ኖሮ፣ ከሁሉም የረከሰው ሱቅ የእሱ በሆነ።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ሱቁ ጥፋት ካለበት በሕጉ ይቀጣ፤ እኔም በሐሰት ጠቁመሃል ካላችሁኝ ልቀጣ። ዛሬ ኅዳር አንድ፣ ዓርብ ነው፤ ከነገ ወዲያ እሁድ ነው። ከአምስቱ አባላት አንዱን ብቻ፣ ሙጫ የሚቀባውን እንኳ ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃ ይላኩልን፤ በሩን ከፍቶ አሮጌውን ስልክ ያውጣልንና መልሶ ያሽገው። ተች ስልኩን አልፈልግም፤ እዚያው ዶላሩን ሲጠብቅ ይቀመጥ። ልጃችን ኅዳር አሥር ከእመቤቷ ፊት ብዕር ይዛ ትቀመጣለች። አራት እሁድ መልስ ያጣች ልጅ፣ አባቴና እናቴ ቆዪ ማለታቸው ነው ብላ ትፈርማለች፤ እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምረዳው። እኛ ግን ተማክረን ከወሰንን ቆይተናል፤ የወሰንነውም ገና ያን ዕለት አስናቀች ጎኔን ስትጎስመኝ ነው። ልንነግራት የምንፈልገው ነይ የምትል፣ ሁለት ፊደል ብቻ ያላት ቃል ናት። በማታ ትምህርት በመጀመሪያው ወር የተማርናት ናት፤ አስናቀችም እኔም አንሳሳትባትም።

ይህን ደብዳቤ ከማኅተማችሁ ጎን፣ ማኅተሙን ሳልነካ፣ ከተማው ሁሉ እንዲያነበው ለጥፌዋለሁ። ለማያነቡትም ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት በሩ ላይ ቆሜ በነጻ አነባለሁ።

ሥልጣንዎ እንደ ሙጫችሁ የጸና፣ ቀኖችዎ እንደ ቢሮዎ ሰልፍ የረዘሙ ይሁኑልዎ እያልኩ፣ በፍጹም አክብሮት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ኮፍያዬን አውልቄ እሰናበታለሁ፤

ታዛዥዎ
ባዳቾ ሶርሳ
በሬ አድላቢ፣ የትዕዛዝ አባት፤ ከዛሬ ጀምሮ በሙሉ ስሙ የሚፈርም
ወላይታ ሶዶ፣ ኅዳር ፩ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ በሩ ይከፈት ብዬ ያስገባሁትን ማመልከቻ የተቀበሉት ጸሐፊዎ ውሳኔው በስልክ ይነገርዎታል ብለው ቁጥሬን ጠይቀውኝ ነበር። ያለኝ አንድ ቁጥር ስለሆነ እሱኑ አስመዘገብኩ። ስለዚህ እስካሁን ወስነው ደውለውልኝ ከሆነ፣ ጥሪዎ ከልጄ ጥሪ አጠገብ፣ ከበሩ ወዲያ ተቀምጧል። ቢሮዎ ምን እንደወሰነ ለማወቅ ሁላችንም መጀመሪያ በሩን መክፈት ይኖርብናል።