የሮን ሰርፍቦርድና የእኔ ስቱኮ

ሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን 78 ዓ.ም.፣ ኦክላንድ

ዛሬም ቴፕ። ጠዋት ቴፕ፣ ከሰዓት ጋዜጣ። የመኪናውን መስኮት በጋዜጣ መሸፈን፣ ዳር ዳሩን ቴፕ ማድረግ፣ ለቀለም ቀቢው ማስረከብ። ስምንት ወር ሙሉ ይኸው ነው። አሥራ አራት ዓመት አዲስ አበባ ባትላሜራ የነበርኩ ሰው! የተጨማደደ በር አቅንቼ፣ የቱ ጋ እንደተገጨ ለባለቤቱ እስኪጠፋው ድረስ የምመልስ ሰው! ወላሂ ደሜ ይፈላል።

ግን ስማኝ ደብተሬ፣ ዛሬ አንድ ነገር አለ። የጋራዡ ባለቤት ሮን ሰርፍቦርዱን ይዞ መጣ። ባሕር ላይ ቆሞ ማዕበል የሚጋልብበት ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ፋይበር ግላስ፣ ውስጡ ፎም። ከድንጋይ ጋር ተላትሞ አፍንጫው ተሰብሯል፣ ጎኑ ሁለት ቦታ ጎድጉዷል። እስከ ሰኞ ፊክስ አድርገው፣ ካማረ የሚቀጥለው የተገጨ በር ያንተ ነው አለኝ። ቴፕ በቃ ማለት ነው! ሲሄድ ሁለት ጊዜ “ሌት ኢት ድራይ” አለኝ። ይድረቅ። ስለ ማድረቅ ለእኔ ይነገራል? የስ፣ የስ አልኩት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

በመኪናዬ በዳትሰኗ ጣሪያ ላይ አስሬ ከጋራዡ፣ ከሳን ሆዜ፣ ቤት አመጣሁት። ዩኒየን ሲቲ ጋ ገመዱ ላላ። ዳር ይዤ መቆም፣ እንደገና ማሰር። ኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። ንፋ! ምን ላድርግህ?

አከራዩ ፓርኪንግ ላይ ሥራ አይፈቅድም። ስለዚህ ሳሎን፣ ሁለት ወንበር ላይ። ባለቤቴ ዘሀራ የምን ጉድ ነው ብላ ጮኸች። ልብሷን ላዩ ላይ ጣል ብታደርግ ተጣበቀ። እግር እንዳያዳልጥ ሰም ይቀቡታል ለካ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በስፓቱላ ፋቅኩ። ሰሙ አሁን የበሩ እጀታ ላይም፣ ስልኩ ላይም አለ። ዘሀራ ዛሬ አታናግረኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

የተሰነጣጠቀውን ቆርጬ አወጣሁ። ፎሙን ስነካው ቀዝቀዝ አለኝ። የኦክላንድ ጉም ነው አልኩ። መድፈኛውን ስቱኮ በጠበጥኩ። ማድረቂያውን እንደ ልማዴ በዓይን ለካሁ፤ ብርድ ነው ብዬ ጨመር አደረግኩበት። መጨመሬ! ስፓቱላው ላይ ድንጋይ ሆነ። የበጠበጥኩበት ቆርቆሮ ጨሰ። መስኮት ክፈት፣ ፎጣ አራግብ። ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አለች ዘሀራ፣ ከመኝታ ቤት። ማናገር የጀመረችው ለዚህ ነው!

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ሁለተኛ ስቱኮ፣ ሦስተኛ ስቱኮ። ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ ለስላሳው። ክንዴ አለቀ። ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ነጭ ነው ብዬ ነጭ ብቀባ እንደ ልብስ እራፊ ፈጠጠ። ለካ ፀሐይ ቢጫ አድርጎታል። ትንሽ ቢጫ፣ ጠብታ ቡኒ። አራት ጊዜ በጠበጥኩ፣ አራት ጊዜ ጠረግኩ፣ ሰደብኩት። አምስተኛው ቁጭ አለ። ቁጭ! ብቻዬን ሳቅኩ። ዘሀራን ዓይንሽን ጨፍነሽ በእጅሽ ፈልጊ አልኳት። አላገኘችም። ማሻአላህ አለች።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ሮን በዚህ ሲያልፍ ጎራ አለ። ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ወጣ። ይሁን፣ ማርኩት። ቦርዱን ዳሰሰ፣ አገላበጠ፣ ተመልሶ ዳሰሰ። የተሰበረው የቱ ጋ እንደነበር ጠፋው። ደስታዬን የት ልደብቀው? ከበደ መሰለኝ አለ። ስቱኮው ነው አልኩት፤ ሳቀ። ሰኞ የሚመጣ የተገጨ ሸቭሮሌ አለ፣ በሩ ያንተ ነው ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ቀለሙ ጠንከር ይበል ብዬ ቦርዱን አስቀረሁት።

እሁድ፣ ሰኔ 15፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ፀሐይ ይንካው ብዬ ሰገነት ላይ አወጣሁት። ምነው እጄን በሰበረው! ጎኑ ላይ፣ የእኔ ቀለም ላይ፣ እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሯል። ጫን ስለው ከዳሩ ጠብ አለ። ቀመስኩት። ጨው!

ያ አላህ። ይድረቅ ያለው ስቱኮውን አይደለም፣ ቦርዱን ነው። መጀመሪያ ቦርዱ ይድረቅ ነው ያለኝ! ፎሙ የባሕር ውሃ ጠጥቶ ተቀምጧል፣ እኔ ላዩን ደፈንኩት። ምን ላድርግ፣ የማውቀው ላሜራ ነው። ላሜራ ውሃ አይጠጣም፤ በጨርቅ ጠረግ፣ አለቀ። ሁለት ጊዜ ነገረኝ፣ ሁለት ጊዜ የስ አልኩት። ደደብ!

ዘሀራ የምትለው፣ በመርፌ ውጋ፣ ውሃውን አፍስስ፣ ቀለም ነካ አድርግ፣ መጀመሪያ በሩን ያዝ። ሲበላሽ ሮን ባሕሩ ነው ይላል። ማንም አያውቅም። እውነቷን ነው፣ ማንም አያውቅም። ስምንት ወር የእኔን ማጉረምረም የሰማች እሷ ናት፣ አልፈርድባትም። ግን አዲስ አበባ ዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፈው የሚሸኙትን ስንቱን ሌባ ብዬ ሰድቤአለሁ! በፊታቸው፣ ደንበኛ እየሰማ። መርፌው ጠረጴዛው ላይ ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 16፣ ከጠዋቱ 1 ሰ.

ቀደድኩት። የደፈንኩትን ሦስቱንም ቦታ። ያ የመሰለ ቀለም፣ በቢላዋ። ሳፋ ላይ ዘቅዝቄ አቆምኩት፣ ይንጠባጠባል። ውስጡ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት፣ ምናልባት ሦስት። ሸቭሮሌው ያን ያህል አይጠብቅም። በሩ ሄደ።

ለሮን ሳልደውል የቀደድኩት ሆን ብዬ ነው። ቀድሜ ብደውል ምላሴ ይታጠፍ ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አሁን ምን ብዬ እዋሻለሁ?

ዘሀራ ቀዳዳዎቹን አየች። ከዚያ ስልኩን በረጅሙ ገመዱ እየጎተተች አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፣ አጠገቤም ቁጭ አለች። ሮን ይኼኔ ጋራዡን ከፍቷል። ወተር ኢንሳይድ፣ ማይ ሚስቴክ። ውስጡ ውሃ አለ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሱን ብቻ እላለሁ። ደወልኩ። ይጠራል። አሁንም ይጠራል። አነሳ—