በስኳሩ ድስት ውስጥ የወደቁት ሁለት ፍሬዎች

ለውድ የእህቴ ልጅ ለዌኒንግ፣

እንዴት ከርመሻል? ጃካርታ ያሉት በሽተኞችሽ እንደ እኔ እንደማያስቸግሩሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እዚህ እኔም፣ ድመቷም፣ ኮኮነቶቹም ደህና ነን።

ጠዋት ጠዋት የኮኮነቱን አበባ ጭማቂ ለማውረድ ዛፍ ላይ ስወጣ፣ መንደራችን በጭጋጉ ውስጥ የምትንሳፈፍ ይመስለኛል። እናትሽ ታች ሆና ጭማቂውን ስኳር እስኪሆን ታፈላለች። በእንፋሎቱ መሃል ስታንጎራጉር የልጅነት ፊቷ ይታየኛል። የስኳር በሽታ ከያዛት ወዲህ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ የራሷን ሻይ የምታጣፍጠው ከፋርማሲ በሚገዙት፣ ስኳርን በሚተኩት በእነዚያ ነጫጭ የክኒን ፍሬዎች ነው። እኔም "ስኳር አፍልታ ስኳር የማትቀምስ" እያልኩ አበሽቃታለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ታዲያ ሁለት ፍሬ አውጥታ የሚፈላው የስኳር ድስት ውስጥ ጣል አደረገችና ማማሰል ጀመረች።

"እትዬ ሱሚራህ፣ ድስቱንም ስኳር ያዘው እንዴ?" አልኳት።

"ዝም በል፣ አንተ ቀልማዳ። ዌኒንግ ከትምህርት ቤት ሳትመጣ ሻይዋ ይድረስላት።"

ሳቅሁ። ከዚያ ድስቱ ቀዝቀዝ ሲል ቀድታ ያስቀመጠችልሽን ጠጣሁልሽ።

ለመሆኑ እነዚያ ፍሬዎች ብዙ ዓመት ሲወሰዱ ምን ያደርጋሉ ይባላል? ሐኪሞቹን ጠይቂልኝ፤ ከጎረቤት ጋር ተወራርጄ ነው። መልሱን ግን በስልክ አልፈልገውም፣ ራስሽ ይዘሽው ነይ። ከማክሰኞ ጀምሮ ከትምህርት ቤት በምትመለሺበት ሰዓት በየቀኑ ይቀዳልሻል፤ እኔም እየጠጣሁልሽ ሆዴ አልቻለም።

ሰላምታዬ ከዛፉ አናት ተነስቶ ደጃፍሽ ይድረስ።

አጎትሽ ፓርጂማን