በግራ እጄ ስመታው

ጥር 6

ያው ሥራ፣ ያው የመኪና መመርመሪያ ጉድጓድ፣ ያው የጭስ ሽታ። ጠዋት አንድ ሽማግሌ አሮጌ ፒካፕ ይዘው ለዓመታዊ ምርመራ መጡ። በሮቹ በዝገት ወንፊት ሆነዋል። ከስር ገብቼ ሻንሲውን በመዶሻዬ ነካ ነካ አደረግኩት… እንደ ቃጭል ጥርት ያለ ድምፅ። ጤነኛ ብረት። አሳለፍኳቸው። ከኋላቸው ቀለሙ ፊት የሚያሳይ አውቶሞቢል ነበር፣ እሱን ግን ወለሉ በስብሶ ስላገኘሁት ጣልኩት። ባለቤቱ ጣቢያውን በአንድ እግሩ አቆመው። "ያ ቆሻሻ አልፎ የእኔ ይውደቅ? ዓይን የለህም እንዴ?"

ባልደረቦቼ በሳቅ ሞቱ። "ዓይን ባይኖረውም ጆሮ አለው" አሉት። ቅጽል ስሜ ነው፣ ጆሮው። ብረቱን መትቼ በድምፁ ስለምለይ።

ስንት ጊዜ ልናገረው? የበር ዝገት ያስጠላል እንጂ ሰው አይገድልም። ጠርዙ ሾሎ አላፊ አግዳሚውን የማይቆርጥ ከሆነ ግድ የለንም። እኛ የምንፈልገው ሸክም የሚችለውን ነው፦ ሻንሲውን፣ ወንበሩ የታሰረበትን ወለል፣ ቀበቶው የተያዘበትን ቦታ። እነሱ ከበሰበሱ መኪናው ሲጋጭ እንደ ካርቶን ነው የሚጨማደደው።

ከሰዓት ወንድሜ ብቅ አለ። ባትላሜራ ነው፣ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጦና በይዶ የሚጠግን፣ የራሱ ጋራዥ አለው። እንደ ልማዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ እየቀለደ ስሠራ አየኝ። ሲመጣ ደስ ይለኛል። ቀኑ ያጥርልኛል።

ጥር 9

ከቤት ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። የቀኝ እጄ አንጓ አብጧል። ሐኪሙ በፋሻ ጠቅልሎ "አርፈህ ተቀመጥ" አለኝ። ማን ሊሠራልኝ? ልጄ ፋሻው ላይ አበባ ሳለችበት። ነገ በዚህ አበባ ጣቢያ ልገባ…

ጥር 12

በግራ እጅ መሥራት ጉድ ነው። መዶሻው ያልፈለግኩት ቦታ ያርፋል። "አዲስ ተቀጣሪ መጣልን" ይሉኛል። ይሳቁ።

ጥር 13

ይህን የምጽፈውም በግራዬ ነው። ፊደሉ ተዛብቷል፣ ግን ሳልጽፈው አላድርም።

የጥሩምባ ሚኒባስ መጣ። ሹፌሩን ነው ጥሩምባ የምንለው፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በየጠዋቱ በክላክስ ቀስቅሶ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው። ልጄም በእሱ ነው የምትሄደው። የመጨረሻው ወንበር፣ መስኮት ጥግ። ቦታዋን የሚነካባት ካለ አለቀለት።

አምና የሚኒባሱ ወለል ዝጎ ነበር። የጠገነው ወንድሜ፣ ያሳለፍኩት እኔ። ዘንድሮ ምን ይገኝበታል ብዬ ነው ስሩ የገባሁት።

በግራዬ መታሁ፣ የታፈነ ድምፅ። ዱብ። ምን? አጠገቡን መታሁ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ትንሽ ዞር አድርጌ መታሁ… ዱብ። በካቻቢቴ ገፋ ባደርገው እስከ እጀታው ገባ። ብረት አይደለም፣ የልስን ስቱኮ ነው። ከስቱኮው ጀርባ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ። ላዩን ያ የተለመደ ጥቁር ቀለም።

ጥርት ብሎ የሚጮኸው በቀኝ እጄ ሁልጊዜ የምመታው ቦታ ብቻ ነው። እዚያ እዚያ ላይ ወፍራም ብረት ተበይዷል፣ በሚያምር ብየዳ። ሌላው ባዶ። የልጄ ወንበር የታሰረው ደግሞ በባዶው ላይ ነው።

ጣልኩት። ጥሩምባ ሊያለቅስ ደረሰ። "ኧረ በልጅዎ! የገዛ ወንድምዎ ሥራ እኮ ነው!" መውደቁን ጽፌ ወረቀቱን ሰጠሁት።

ጥር 14

ወንድሜ ጋራዥ ሄድኩ። ሠራተኞቹን ለምሳ አሰናብቶ ብቻችንን ቀረን። ይክዳል ብዬ ነበር። ምነው በካደ!

"ማን አስተማረህ?" አልኩት።

"አንተ ነሃ፣ ጋሼ። ጉድጓዱ ጫፍ ቁጭ ብዬ ሳይህ የኖርኩት ለምን ይመስልሃል? ቀኝ እጅህ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው፣ በግራህ ትመታለህ ብዬ አላሰብኩም። ልትሰማ የምትፈልገውን ሰጠሁህ።"

እኔ እኮ የናፈቅኩት እየመሰለኝ…

"ሙሉ ወለሉን ልቁረጥ ብል ማን ይመጣልኛል? ሁሉም ወደ ጎረቤት ጋራዥ ነው የሚሮጠው። ሁሉም የሚፈልገው መስታወት ላይ የሚለጠፈውን የምርመራ ቦሎ ነው፣ ወለል የሚፈልግ የለም።"

"ልጄ የት እንደምትቀመጥ ታውቃለህ?"

ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

"እዚያው ላይ ነው። ጋዜጣህ ላይ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። "አላሰብኩትም" አለ። "እውነት እልሃለሁ ጋሼ፣ እሷን አላሰብኳትም።" የሌላውን ልጅስ አስበኸው ነበር ወይ ልለው ብዬ ተውኩት። ተነስቼ ወጣሁ።

ጥር 15

ልጄን በእግሬ አደረስኳት። "አባዬ፣ ከጥሩምባ ጋር ተጣላህ?" አለችኝ።

ጥር 17

ለሚስቴ ነገርኳት። ስለ ወንድሜ ትለምነኛለች ብዬ ነበር፣ ትወደዋለች። ሰሃን እያጠበች ነበር፣ ውሃውን ዘጋችው። "ሌሎቹስ?" አለች።

"የትኞቹ ሌሎች?"

"እሱ የሠራቸው፣ አንተ ያሳለፍካቸው። ስንት እናት ናት ልጇን የምትልክባቸው?"

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሸሸው የነበረው ነገር ነው። ጥሩምባን ጥዬዋለሁ፣ ልጄ ድናለች፣ ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ካወራሁ ጋራዡ ይዘጋል። እናታችን ደግሞ የምትኖረው ከእሱ ጋ ነው። ካላወራሁስ? መንገድ ላይ ሚኒባስ ባየሁ ቁጥር ወለሉን ነው የማየው። እንዴት ያለ ኑሮ ነው ይሄ!

ጥር 20

ለኃላፊያችን ተናገርኩ። ሴትየዋ ቁጣ ያውቃሉ፣ ዛሬ ግን አልተቆጡም። ያ ባሰብኝ።

"ከወንድምህ ጋራዥ ወጥቶ በአንተ እጅ ያለፈ ብዙ ነው?"

"አብዛኛው በእኔ ነው ያለፈው።"

"ይህን ብትደብቀኝ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?"

"ማንም።"

መዝገቡን ወደ እሳቸው ሳቡ። "ሁሉንም እንጠራለን። አንተም ትመረመራለህ። እስከዚያው ግን ጉድጓዱን አትለቅም፣ የት የት እንደምንመታ የሚያውቅብን ሰው ካለ መምቻችንን መቀየር አለብን። ለልጆቹ አንተ አሳያቸው።" ልጆቹ የሚሏቸው ባልደረቦቼን ነው፣ ግማሾቹ አያቶች ናቸው።

ጥር 22

እናቴ ደወለች። "የእናትህን ልጅ!" አለችና ዘጋችው። ሌላ አልተናገረችም።

ጥር 29

የተጠሩት መኪኖች እየገቡ ነው። ዱብ… ዱብ… ዱብ። ከእያንዳንዱ ዱብ ጋር አብሬ እወድቃለሁ። አንዷ ሴትዮ "ባለፈው ጥሩ ነው ብለኸኝ ነበር እኮ" አለችኝ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ደህና የሆኑም ተገኙ። ከላይ እስከ ታች ብረት። ወንድሜ መሥራት ያቃተው ሰው አይደለም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

የካቲት 3

ጋራዡ ታሸገ። በዚያ በኩል ሳልፍ ወንድሜን በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። አየኝ። ዞር አለ።

የካቲት 10

እናቴን ልጠይቃት ሄድኩ፣ ሆን ብዬ እሱ በሌለበት ሰዓት። ፊት ነሳችኝ። ልወጣ ስል ግን "ግቢውን ሞልቶታል ያንተ ሚኒባስ" አለችኝ። ጓሮ ብዞር የጥሩምባ ሚኒባስ ወለሉ ተቆርጦ ወጥቶ በድንጋይ ላይ ቆሟል። "ወንድምህ ከሹፌሩ የሚቀበለው ገንዘብ የለም። ምን አስነካኸው?" አለች። ጎንበስ ብዬ ወለሉን አየሁና ወጣሁ።

የካቲት 19

ጥሩምባ መጣ፣ ገና ከበር ክላክሱን እያስጮኸ። ፋሻዬ ከተፈታ ሰንብቷል፣ ቀኝ እጄ ድኗል። መዶሻውን አንስቼ ልገባ ስል ጥሩምባ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ወንድምዎ መልእክት አለው" አለኝ።

"ምን አለ?"

"'በግራው ይምታው' በለው አለኝ። አልገባኝም እኔ።"

ምን ለማለት ነው? መውጊያ ነው ወይስ… መዶሻውን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና ገባሁ።

ወለሉ በሙሉ አዲስ ላሜራ ነው። ቀለም አልተቀባም፣ ብየዳው ራቁቱን ይታያል። ድሮ ቀለሙ ነበር የሚያምረው። ከፊት እስከ ኋላ፣ ከጥግ እስከ ጥግ መታሁት። የልጄ ወንበር ስር ስደርስ ደጋግሜ መታሁ፣ ባልደረቦቼ "ጆሮው፣ ምን ሆነሃል? ልትበሳው ነው?" እስኪሉኝ። ጥርት ያለ ድምፅ። አንድም ዱብ የለም። እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እንባዬ መጣ፣ ዝገት ዓይኔ ገባ አልኳቸው። አዲስ ላሜራ ላይ ምን ዝገት አለ?

አሳለፍኩት። "ለቀለሙ ወደ እሱ ልመለስ ነው፣ ምን ልበለው?" አለኝ ጥሩምባ።

"ሁሉም ቦታ ጥሩ ድምፅ አለው በለው።"

ሚኒባሱ ከወጣ በኋላ ራሴ ደወልኩለት። ጠራ… ጠራ…

አላነሳም።

ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ እሱ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ዛሬም ማንም አልነበረም።