ከስልኩ ያልለቀቀው እድፍ

ይድረስ ሐዋሳ ላለችው ልጄ ለምስጢር።

እንደምን ከርመሻል? እኔም አባትሽም በፈጣሪ ቸርነት ደኅና ነን። የቀሐ ወንዝ ዘንድሮ ሞልቷል፤ ላሟም ወልዳለች።

ባልሽ የላከልን ስልክ ሸጋ ነው፤ ጠባዩ ግን አልገባኝ አለ። እሑድ ፊትሽን እያየን ስናወራ፣ አባትሽ ሊያሳልሙሽ ብለው የብረት መስቀላቸውን መስታወቱ ላይ ቢያስነኩት ድርግም ብሎ ተዘጋ። በመስቀል የሚዘጋ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? እሳቸውም ደንግጠው፣ «ሌላ ጊዜ በእንጨቱ ልሞክር» ይላሉ።

ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ። ከመዘጋቱ በፊት ከዓይንሽ ሥር ጠቆር ያለ እድፍ አየሁ። የመስታወቱ ነው ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ብወለውለው አልለቀቀም። አንቺ ዘወር ስትዪ እድፉም አብሮሽ ዘወር ይላል። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ወስጄ ለስልክ ጠጋኙ ባሳየው፣ «እማማ፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው» አለኝ። ምን ያውቃል እሱ!

ይህን ደብዳቤ በእጅሽ እንዲሰጥሽ ለአጎትሽ ለዋኘው አደራ ብያለሁ። ብቻሽን ስትሆኚ ደውዪና ፊትሽን ወደ ብርሃን አስጠጊልኝ፤ መስታወቱ ጸድቶ እንደሁ ልየው።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ። የአባትሽ መስቀል ይጠብቅሽ።

የድሮ አልጋሽን ዛሬ አነጠፍሁት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

እናትሽ ይመኙሽ፣ ከጎንደር